ካርዲናል ሁምበርት፦ ከገዳም በዓት ወደ ቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በ1054 የምሥራቁንና የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን የከፈለው ሁምበርት የሚባል አንድ የቤኔዲክት መነኩሴ ነው ሲባል ሰማሁ። ለመሆኑ መነኩሴ ሰው ከገዳሙ ወጥቶ እንዴት የፖፕ ዲፕሎማት ሆነ? እውነት በአንድ ደብዳቤ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፈለ? የእኛስ ቤተ ክርስቲያን ያኔ ከየትኛው ወገን ነበረች?»

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ያለፈ ዓመት የለም። አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሁምበርት የውግዘቱን ደብዳቤ ጽፏል፣ በቁስጥንጥንያ ዋና ቤተ ክርስቲያን በሃጊያ ሶፊያ፣ በሚቀደስበት መንበር ላይም አስቀምጧል። ቤተ ክርስቲያንን ግን በዚያ ቀን አልከፈለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከሁለቱም ወገን አልነበረችም። ረጅሙ መልስ ግን ሰውየውን ከልጅነቱ ጀምሮ ማወቅ ይጠይቃል። በእኔ እምነት ቁስጥንጥንያ ላይ ያደረገውን ሁሉ ያደረገው ገዳም ውስጥ በተማረው ጠባይ ነው። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ሁምበርት የሎሬን ሰው ነው፤ አገሩ የዛሬዋ ፈረንሳይ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የተወለደው በ1000 ዓመት ገደማ ነው። ወላጆቹ ገና በልጅነቱ በቮዥ ተራሮች ላለው ለሙዋየንሙቲዬ ገዳም ሰጡት። በእኛ ቋንቋ የስለት ልጅ ነው ብንል ይሻላል፤ ሐና ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ እንደሰጠችው ማለት ነው። ቅዱስ ቤኔዲክቶስ በ6ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የገዳም ደንብ ውስጥ ለዚህ የተለየ ምዕራፍ አለ። ልጁ ትንሽ ከሆነ ወላጆቹ ልመናውን በእሱ ስም ይጽፋሉ። ከዚያ ወረቀቱንና የልጁን እጅ ከመባው ጋር አድርገው በመንበሩ ልብስ ይጠቀልሉታል። ልጁ በቃ የገዳሙ ሆነ። ርስት እንደማያወርሱትም ይምላሉ፤ ነገ ተመልሶ እንዳይወጣ።

ይህን ሥርዓት ባሰብኩ ቁጥር ያቺ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ እጅ ትታየኛለች። ከዓመታት በኋላ በሌላ መንበር ላይ፣ በሌላ አገር፣ ያንን ደብዳቤ ያኖረ ሰው የመጀመሪያ ትምህርቱ ይህ ነበር።

የቤኔዲክት መነኩሴ ሲመነኩስ ከሚገባቸው ቃሎች አንዱ በገባበት ገዳም እስከ ሞቱ መጽናት ነው። በእኛ አገር መነኩሴ ከገዳም ገዳም ሲዞር፣ ኢየሩሳሌም ሲሳለም፣ በረሃ ሲገባ እናውቃለን። ቤኔዲክቶስ ግን ዘዋሪ መነኮሳትን አይወድም። በደንቡ የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ከመነኮሳት ዓይነቶች የመጨረሻዎቹ አድርጎ ነው የቆጠራቸው። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ለሥራ ወደ ውጭ የተላከ ወንድም ሲመለስ ያየውንና የሰማውን ለማንም እንዳያወራ ይከለክላል፤ ብዙ ጥፋት ያመጣልና። ሁምበርት በዚህ ደንብ ነው ያደገው። ዝምታ፣ ጸሎት፣ ንባብ፣ መታዘዝ። ከዚህ ጋር ደግሞ በዘመኑ በምዕራቡ ዓለም ብዙ ያልነበረ ነገር ያዘ፤ ግሪክኛ አወቀ።

እና እንዴት ወጣ? የወጣው በትእዛዝ ነው። ገዳሙ ያለበት የቱል ሀገረ ስብከት ጳጳስ ብሩኖ ይባል ነበር። ይህ ሰው ሊዮ 9ኛ ተብሎ ፖፕ ሆነና በ1049 መጀመሪያ ሮም ገባ። የገባው እንደ ተሳላሚ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ ነው። በጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት በሄንሪ 3ኛ ምርጫ ብቻ አልሾምም፣ የሮም ካህናትና ሕዝብ ይምረጡኝ አለ። የሮም መንበር በዚያን ጊዜ ክብሩን አጥቶ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፖፕ ቤኔዲክት 9ኛ ሹመቱን በገንዘብ አሳልፎ ሰጥቷል። በ1046 ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሄንሪ 3ኛ መጥቶ እርስ በርስ የሚናቆሩትን ፖፖች አነሣ። በየአገሩ ጵጵስና ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ይህ በሐዋርያት ሥራ ገንዘብ ይዞ ወደ ጴጥሮስ በመጣው በሲሞን መሠርይ ስም የሚጠራው ኃጢአት ነው።

ሊዮ ይህን ለማጽዳት ሲነሣ የሮምን ባላባቶች አላመነም። የሚያውቃቸውን የአገሩን ሰዎች ከሎሬን ጠራ፤ አንዱ ሁምበርት ነበር። ሊዮ እንዴት ይሠራ እንደነበር አንድ ታሪክ ይበቃል። በ1049 በሬምስ ጉባኤ ጠራ። የቅዱስ ሬሚጊዮስን ዐፅም በመንበሩ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት እየተነሡ ሹመታቸውን በገንዘብ እንዳልገዙ በዐፅሙ ፊት እንዲናገሩ አዘዘ። አስቡት! አንዳንዱ ተናዘዘ፣ አንዳንዱም ከአዳራሹ ሾልኮ ጠፋ። የሁምበርት የሹመት ትምህርት ቤት ይህ ነው። ነገር በዐፅም ፊት፣ በሕዝብ ፊት፣ አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚያልቅበት ቤት።

ሊዮ በ1050 የሲሲሊ ሊቀ ጳጳስ ብሎ ሾመው። ሲሲሊ ግን በሙስሊሞች እጅ ስለነበረች መንበሩን ሳያይ ቀረ። በማግስቱ ዓመት ሮም አጠገብ ያለችው የሲልቫ ካንዲዳ ካርዲናል ጳጳስ ሆነ። ካርዲናል የሚለው ስም እስከዚያ ድረስ በሮም ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ተራ ገብተው የሚቀድሱትን ካህናት የሚገልጽ ነበር። የፖፑ አማካሪና መልእክተኛ የሚለውን ትርጉም እንዲይዝ ካደረጉት ሰዎች ሁምበርት አንዱ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ። ደቡብ ጣልያን በዚያን ጊዜ ሁለት ሥርዓት የተቀላቀለበት አገር ነበር። ገሚሱ በግሪክ፣ ገሚሱ በላቲን ይቀድሳል። በዚያ ላይ ከሰሜን የመጡ ኖርማን የተባሉ ተዋጊዎች መሬቱን ይቀሙ ጀመር። ኖርማኖቹ ለፖፑም ለቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ለቆስጠንጢኖስ 9ኛ ሞኖማኮስም የጋራ ጠላት ነበሩ። ሊዮ ጦር ሰብስቦ ወጣ። ሰኔ 18 ቀን 1053 በቺቪታቴ ተሸነፈና ተማረከ። ኖርማኖቹ ተንበርክከው ባርከን አሉት፤ ግን አልለቀቁትም። ቤኔቬንቶ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ወር ያህል አቆዩት። እዚያ ሆኖ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ግሪክኛ መማር ጀመረ ይባላል።

በዚሁ ዓመት አንድ ደብዳቤ መጣ። በቁስጥንጥንያ ግዛት ሥር የነበረችው የኦህሪድ ሊቀ ጳጳስ፣ እሱም ሊዮ የሚባል፣ ትራኒ ለምትባል የደቡብ ጣልያን ከተማ ጳጳስ የጻፈው ነው። ክሱ ላቲኖች በቂጣ ይቆርባሉ፣ በዐቢይ ጾም ቅዳሜን ይጾማሉ፣ ታንቆ የሞተ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። ደብዳቤው በሁምበርት እጅ ገባ። ወደ ላቲን ተርጉሞ ለፖፑ አቀረበው። በላቲኑ ትርጉም አናት ላይ የላኪነት ስም ሲጻፍ ከኦህሪዱ ሊዮ ጋር የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የሚካኤል ኬሩላሪዮስ ስምም አብሮ ገባ። በዚህም የአንድ ሊቀ ጳጳስ ደብዳቤ የፓትርያርኩም ሆኖ ተነበበ። ተርጓሚ ምን ያህል ኃይል እንዳለው እዩልኝ።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ነገር ስላለ ጥቂት ልቁም። የቂጣው ነገር ለዛሬ ሰው ጥቃቅን ይመስለዋል። ለእነሱ ግን ቅዳሴው ራሱ ነበር። ግሪኮቹ «እርሾ የሌለው ሕይወት የለውም፤ እርሾ ለሊጥ እንደ ነፍስ ነው፤ ቂጣ የአይሁድ ፋሲካ ነው» አሉ። ላቲኖቹ ደግሞ «ጌታ በምሴተ ሐሙስ የበላው የፋሲካ ቂጣ አይደለም ወይ?» አሉ። ቅዳሜን በተመለከተ የእኛ ምእመን የግሪኮቹን ነገር ያለ አስረጂ ይገባዋል። በእኛም ሥርዓት ሰንበታት እንደ ሌላው ቀን እህል ውሃ ተከልክሎ አይጾሙም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ ይጾማል፤ የትንሣኤ ዋዜማ። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፦ ቀዳም ሥዑር፣ የተሻረ ቅዳሜ። ግሪኮቹም የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ሁምበርት በፖፑ ስም ረጅም መልስ አዘጋጀ። ትሕትና የለበትም። የሮምን የበላይነት ለማስረዳት ከጠቀሳቸው ማስረጃዎች አንዱ ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ለፖፕ ሰጠው የተባለው የስጦታ ሰነድ ነው። ሁምበርት በሰነዱ ከልቡ ያምን ነበር። ሐሰተኛ መሆኑን ሎሬንዞ ቫላ የተባለ ሊቅ ያስረዳው ወደ 400 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1440 ነው።

በ1054 መጀመሪያ ሦስት መልእክተኞች ተላኩ። መሪው ሁምበርት ነው። አብረውት የፖፑ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሎሬኑ ፍሬደሪክና የአማልፊው ሊቀ ጳጳስ ጴጥሮስ ሄዱ። ሥራቸው ሁለት ነበር፤ ከንጉሡ ጋር በኖርማኖች ላይ መስማማትና ከፓትርያርኩ ጋር መታረቅ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲላክ የተበዳዩ ወንድም አይላክም። ነገሩን የሚያበርድ ሰው ተፈልጎ ነው የሚላከው። ሊዮ የላከው ግን የክስ ደብዳቤውን የተረጎመውን፣ መልሱን የጻፈውን፣ ነገሩ ከማንም በላይ የሚያንገበግበውን ሰው ነው። የዚህ መልእክት ትልቁ ስሕተት ገና ጉዞ ሳይጀምሩ ተሠርቷል ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱም የላኪው ጭምር ነው።

ከወዲያ ማዶ የጠበቃቸውም የዋህ ሰው አልነበረም። ሚካኤል ኬሩላሪዮስ በ1040 በንጉሥ ላይ በተጠነሰሰ ሴራ ተይዞ፣ ተግዞ የመነኮሰ ሰው ነው። በ1043 ፓትርያርክ ሆነ። ከተማው ውስጥ በላቲን ሥርዓት የሚቀድሱትን አብያተ ክርስቲያናት ዘግቷል ተብሎም ይከሰስ ነበር። ሁለት መነኮሳት ተፋጠጡ ማለት ነው፤ አንዱ በስለት፣ ሌላው በግዞት የመነኮሰ።

መልእክተኞቹ ፓትርያርኩ ዘንድ ሲገቡ ልማዱ የሚጠይቀውን ሰላምታ አልሰጡም። ከሌሎች ጳጳሳት በታች አስቀመጡን ብለው ተቀየሙ። ደብዳቤውን አስረክበው ወጡ። ደብዳቤው ደግሞ ሚካኤልን ራሱን «ዓለም አቀፍ ፓትርያርክ» ብሎ በመጥራቱ ይወቅሰዋል። ሚካኤል ማኅተሙን መረመረና ተነካክቷል አለ። ከጀርባው የደቡብ ጣልያን የጦር ገዥ አርጊሮስ አለበት ብሎ ጠረጠረ፤ አርጊሮስ የላቲን ሥርዓት ተከታይና የድሮ ተቃዋሚው ነበር። ከዚያ በኋላ ፊት ነሳቸው። ቢልኩበትም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሚያዝያ 19 ደግሞ ሮም ላይ ፖፕ ሊዮ ሞተ። መልእክተኞቹ የማን መልእክተኞች ናቸው? ላኪው ሞቷል፤ ተተኪ ገና አልተሾመም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ወደ ኋላ ይጠቅመናል።

ንጉሡ ግን አክብሮ ያዛቸው፤ በኖርማኖች ላይ የሮምን እርዳታ ይፈልጋላ። በስቱዲዮስ ገዳም የሚኖር ኒኬታስ ስቴታቶስ የተባለ የተማረ መነኩሴ ነበር። በቂጣው፣ በቅዳሜው ጾምና በካህናት ጋብቻ ላይ ላቲኖችን የሚነቅፍ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ሁምበርት መልስ ጻፈለት። ምን ብሎ? ከአህያ ይልቅ ደንቆሮ ብሎ! ሰኔ 24 ቀን በገዳሙ ውስጥ፣ በንጉሡ ፊት፣ ኒኬታስ የገዛ ጽሑፉን እንዲያወግዝ ተደረገ። ጽሑፉም እዚያው ተቃጠለ። ሁምበርት በጻፈው ማስታወሻ መሠረት ኒኬታስ በማግስቱ ራሱ መጥቶ ጠየቃቸው፣ ወዳጅም ሆነ። እውነት ወዳጅነት ይሁን የንጉሥ ፍርሃት፣ አንባቢ ይፍረድ። እኔ ግን ያ ሽማግሌ መነኩሴ ያሳዝነኛል። ደግሞም ይህ «ድል» ሁምበርትን አሳሳተው። ንጉሡ ከኔ ጋር ከሆነ ፓትርያርኩም ይንበረከካል ብሎ አሰበ። በቁስጥንጥንያ ግን ሕዝቡ የሚሰማው ፓትርያርኩን ነበር።

ሦስት ሳምንት ጠበቁ፤ ከመንበረ ፓትርያርኩ ቃል የለም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1054 ነው። በእኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሐምሌ 22 ቀን 1046 ዓ.ም. ይሆናል፤ የሐምሌ ገብርኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን። ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እነሱም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት፤ ስለዚህ የኛው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በሃጊያ ሶፊያ ካህናቱ ለቅዳሴ እየተዘጋጁ ነው። ሕዝብ ገብቷል። ሦስቱ ላቲኖች በሕዝቡ መካከል አልፈው ወደ ውስጥ ዘለቁ። በፓትርያርኩ ላይ ቅሬታቸውን ተናገሩ። በዋናው መንበር ላይ የውግዘቱን ደብዳቤ አስቀመጡ። ተመልሰው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ በወንጌል እንደተጻፈው የእግራቸውን ትቢያ አራገፉና «እግዚአብሔር ይይ፤ ይፍረድም» አሉ።

ንፍቀ ዲያቆናቱ ደነገጡ። ደብዳቤውን ከመንበሩ አንሥተው እየሮጡ ተከተሏቸው። መልሳችሁ ውሰዱ ብለው ለመኑ። መልእክተኞቹ እምቢ አሉ። ወረቀቱ መሬት ወደቀ። ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በመጨረሻ ፓትርያርኩ ዘንድ ደረሰና ከላቲን አስተረጎመው። ይህን የንፍቀ ዲያቆናቱን ሩጫ የምናውቀው ከፓትርያርኩ ወገን ከወጣው ጽሑፍ ነው። የትቢያውን ነገር ደግሞ ሁምበርት ራሱ ጽፎታል። ያ ከውጭ ያየኸውን አታውራ የተባለው የገዳም ልጅ የመንገዱን ታሪክ በዝርዝር ጽፎ ተወልን፤ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች በጀን።

ደብዳቤው ምን ይላል? በመጀመሪያ ንጉሡንና የከተማዋን ሰዎች ክርስቲያኖች፣ ሃይማኖታቸው የቀና ብሎ ያመሰግናል። የሚያወግዘው ሚካኤልን፣ የኦህሪዱን ሊዮና ተከታዮቻቸውን ነው። ከዚያ ክሱ ይዘንባል። እንደ አርዮሳውያን፣ እንደ ማኒያውያን፣ እንደ ሲሞናውያን እያለ የድሮ መናፍቃንን ስም እየጠራ ያመሳስላቸዋል። ካህናቶቻቸው ያገባሉ ይላል። ጢሙን የተላጨውን አያቆርቡም ይላል። ትልቁ ስሕተት ግን በጸሎተ ሃይማኖት ላይ ነው። ግሪኮች መንፈስ ቅዱስ «ከወልድም» የሠረጸ ነው የሚለውን ቃል ከጸሎተ ሃይማኖት አጠፉ ብሎ ከሰሰ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የጥንቱ ቃል ዛሬ እኛ እንደምንጸልየው «ከአብ የሠረጸ» ብቻ ነው። «ከወልድም» የሚለውን የጨመረው ምዕራቡ ነው። ሮም ራሷ በቅዳሴዋ ያስገባችው በ1014 ነው፤ ሁምበርት ልጅ ሳለ ማለት ነው። የተማረ ሰው ከልጅነቱ የጸለየውን ጸሎት ሁሉም ሁልጊዜ እንዲሁ ሲጸልየው የኖረ መሰለው።

መልእክተኞቹ ሐምሌ 18 ጉዞ ጀመሩ። ንጉሡ ከመንገድ አስጠራቸው፤ ከተማው ግን ተነሣስቶ ነበርና መልሶ ሸኛቸው። ሕዝቡን ለማብረድ ተርጓሚዎቹና የአርጊሮስ ዘመዶች ተቀጡ። ሐምሌ 20 ሲኖዶሱ ተሰብስቦ ደብዳቤውንና የጻፉትን አወገዘ። ሐምሌ 24 እሑድ ውግዘቱ ለሕዝብ ተነበበ። ይህም ውግዘት የሮምን ቤተ ክርስቲያን አልነካም። ፖፑንም በስሙ አልጠራም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎ። ሁምበርት ያወገዘው ሰዎችን ነው። ያወገዘበት ሥልጣንም አጠያያቂ ነው፤ የላከው ፖፕ ከሞተ ሦስት ወር ሊሆነው ነበር። በዘመኑ የነበሩ ሰዎችም ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ተከፈለች ብለው አልጻፉም። የአንጾኪያው ፓትርያርክ ጴጥሮስ 3ኛ ለሚካኤል የመለሰለት ደብዳቤ አለ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከምንም በላይ የምወደው እሱን ነው። ስለ ጢም ምን አስጨነቀን፣ ላቲኖች ወንድሞቻችን ናቸው፣ ከእነሱ ያን ያህል ጥንቃቄ መጠበቅ የለብንም አለው። የጸሎተ ሃይማኖቱ ጭማሪ ግን ከባድ ነው ብሎ ለይቶ አስቀመጠ። የሚታለፈውንና የማይታለፈውን የለየ እሱ ብቻ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላም የቁስጥንጥንያው ንጉሥ አሌክሲዮስ ከፖፑ የጦር እርዳታ ጠይቋል፤ ሙሉ በሙሉ የተቆራረጠ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። ሁለቱን ሕዝብ ሆድና ጀርባ ያደረጋቸው 1204 ነው። ያን ዓመት የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን ዘረፉ፣ ሃጊያ ሶፊያንም አረከሱ። ከዚያ በኋላ ተራው ሰው ይቅር ማለት አቃተው። 1054 የመለያያው ዓመት ተብሎ የተለጠፈው ወደ ኋላ ሲታይ ነው።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ያኔ የት ነበረች? ብዙ ሰው 1054ን ከኬልቄዶን ጋር ያምታታል። የእስክንድርያው መንበርና ከእሱ ጋር የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሮምም ከቁስጥንጥንያም የተለያየነው በ451 በተደረገው በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት ነው። ይህም ከሁምበርት 600 ዓመት ይቀድማል። በ1054 የተጣሉት ሁለቱም ወገኖች ኬልቄዶንን የተቀበሉ ናቸው። ጠቡ የእኛ አልነበረም። በልማድ ግን ከምሥራቆቹ ጋር እንቀራረባለን፤ ኅብስታችን እርሾ አለው፣ ቄሶቻችን ያገባሉ፣ ጢማቸውን ያሳድጋሉ። ሁምበርት የእኛን ቄሶች ቢያገኝ ኖሮ የሚጽፈው ክስ ከዚህ እምብዛም አይለይም ነበር። ሮም የእኛን ሰዎች በጉባኤ ያስተናገደችው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ነው፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የሄዱ መነኮሳት ፍሎረንስ ላይ በፖፕ ኢዩጂን 4ኛ ፊት ቀርበው ነበር።

ሁምበርት ሲመለስ አላፈረም፤ አደራዬን ተወጣሁ ብሎ ነው የተመለሰው። ቀጥሎ ያሉት ሰባት ዓመታት ናቸው ትልቁን ሥራ የሠራባቸው፤ ሰው ግን አያነሣቸውም። የመንገድ ጓዱ ፍሬደሪክ በ1057 እስጢፋኖስ 9ኛ ተብሎ ፖፕ ሲሆን ሁምበርት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሹመት በገንዘብ በሚገዙ ላይ ሦስት ክፍል ያለው መጽሐፍ ጻፈ። እዚህም ያው ሰውዬ ነው። በገንዘብ የተሾመ ጳጳስ ከናካቴው ጳጳስ አይደለም፣ የሾማቸውም ካህናት አልተሾሙም አለ። መነኩሴው ጴጥሮስ ዳሚያኒ ተቃወመው፤ ጸጋው የክርስቶስ እንጂ የሰጪው አይደለም ብሎ። ቤተ ክርስቲያኒቱም በስተመጨረሻ የያዘችው የጴጥሮስን ሐሳብ ነው። ሁምበርት በዚሁ መጽሐፍ ነገሥታት ለጳጳሳት በትረ ሹመትና ቀለበት መስጠታቸውን ነቀፈ። ፖፖችና ነገሥታት በዚህ ጉዳይ መጣላት የጀመሩት እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። በ1059 ፖፕ ኒኮላስ 2ኛ ፖፕን የሚመርጡት ካርዲናሎች ናቸው ብሎ ሲደነግግም ሁምበርት ከዋናዎቹ አማካሪዎች አንዱ ነበር። ዛሬ ካርዲናሎች በር ዘግተው ሲመርጡ በቴሌቪዥን የምናየው ነገር ሥሩ እዚያ ነው።

ስለዚህ ሁምበርትን ነገር ቆስቋሽ ብቻ አድርጎ የሚያቀርበውን ወሬ አልቀበልም። ለገንዘብ ያልተንበረከከ፣ የተማረ፣ ደፋር ሰው ነበር። ሮምን ከሹመት ነጋዴዎች ካጸዱት ሰዎች የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ግን ለጉቦኛ ጳጳስ የሚሠራው አካሄድ በልዩ ልዩ ሥርዓት ለሚቀድስ ወንድም አይሠራም። ጉቦኛውን አዎ ወይስ አይደለም ብሎ ማፋጠጥ ይቻላል። ቂጣና እርሾ ላይ ግን ሁለቱም የአባቶቻቸውን ነበር የያዙት። ገዳሙ መታዘዝን አስተምሮት ነበር። ከማይታዘዝለት ሰው ጋር መነጋገርን ግን የት ይማረው?

ሁምበርት ግንቦት 5 ቀን 1061 ሮም ውስጥ ሞተ፤ በላተራን ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ደብዳቤውስ? ታኅሣሥ 7 ቀን 1965 በአንድ ቀን፣ ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ሮም ላይ፣ የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ አቴናጎራስ በዚያችው ከተማ፣ በዛሬ ስሟ ኢስታንቡል ላይ፣ ሁለቱም ውግዘቶች ከቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ እንዲወገዱ የጋራ መግለጫ አስነበቡ። መግለጫው ውግዘቶቹ በሰዎች ላይ እንጂ በአብያተ ክርስቲያናት ላይ እንዳልነበሩ በግልጽ ይናገራል። 911 ዓመት መሆኑ ነው። ውግዘቱ ተነሣ። ኅብረቱ ግን ገና ነው፤ እስከ ዛሬ በአንድ መንበር አብረው አይቆርቡም።